የድሩ ሌላኛው ጫፍ

ሰው የሚገዛውን ክር አይቼ ቤቱ ምን እንደሚመስል መናገር እችላለሁ። ጉራ አይደለም፤ ሌላ የተማርኩት ነገር ስለሌለ ነው። አርባ ምንጭ የገባሁት ጢም ሳላበቅል፣ ከአንገቴ ባንጠለጠልኳት ካርቶን መርፌ፣ ማበጠሪያና የኪስ መስታወት ይዤ ነው። ካርቶኗ ቀስ በቀስ መደብ ሆነች፤ መደቧ ሱቅ ሆነች። ዛሬ በከተማዋ ታችኛው ሰፈር በሲቀላ፣ ገበያው አጠገብ፣ ድር፣ ማግና የጥለት ክር እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከዶርዜ የወረዱ ሸማኔዎች ናቸው። የጋቢ ድር የሚገዛኝ ሰው ቤቱ ሰላም ነው። ቀለም እያማረጠ የሚያደክመኝ ሰው ሠርግ ታዞበታል። ጥቁር ክር ብቻ የሚጠይቅ ከመጣ ዋጋ ከማንሳቴ በፊት ማን እንደሞተበት እጠይቃለሁ።

ከነዚህ ደንበኞቼ አንዱ ጓደኛዬ ነው። «ሐጂ» ይለኛል። መካን የማውቀው ስሰግድ ፊቴን በማዞርበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እሱ ግን ሱቄ በገባ በመጀመሪያው ቀን ሐጂ ብሎኝ፣ ገበያው በሙሉ ተቀበለው። አማርኛ የሁለታችንም አይደለም፤ የሱ አፍ መፍቻ ጋሞኛ፣ የኔ ስልጢኛ ነው፤ አማርኛን ተውሰን ነው የምንጣላበት። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ተጣልተናል፤ እኔ ክሩን አወድሳለሁ፣ እሱ በጥርሱ እየሳበ ይሰድበዋል፤ ከዚያ ይገዛል።

የሚገዛው ሁልጊዜ የጋቢ ድር ነበር። ይህን ለመረዳት ድር ሲዘረጋ ማየት ያስፈልጋል። ደጅ ላይ ካስማ ይተከላል። ሸማኔው ክሩን ይዞ ከካስማ ካስማ ይመላለሳል፤ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ክሩ እንዳይላላና እንዳይጠላለፍ ይይዛል። የሻርፕ ድር አጭር ስለሆነ አንድ ሰው እንደምንም ይወጣዋል። የጋቢ ድር ግን ረጅም ነው፤ በነሱ ሰፈር ለብቻው የሚዘረጋው የለም። የጓደኛዬን ድር ጫፍ የምትይዘው ሚስቱ ነበረች። እሱ ሲሄድ ሲመለስ እሷ ታወራለች። ጋቢው ሲያልቅ የሰፈሩም ወሬ አብሮ ያልቅ ነበር።

እሷ ከሞተች በኋላ ሱቄ መጥቶ የሻርፕ ክር ጠየቀኝ።

«የምን ሻርፕ?» አልኩት።

«ቱሪስት ይወዳል።»

«የትኛው ቱሪስት? ዘንድሮ ያየኸው አለ?»

«አንተ ክር ሽጥ ሐጂ፣ ሰው አትቁጠር።»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ጥሩ ተጠቅልሎ የመጣ ውሸት አይቼ አውቃለሁ፤ ራሴም ጠቅልዬ ሸጫለሁ። የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ደጁ ላይ ያሉትን ካስማዎች ነቅሏቸዋል። ቤቱ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ለብቻው አጭር ድር እያዞረ ሻርፕ ይሠራል። ሻርፑን ሲጨርስ አረቄ፤ አረቄው ሲያልቅ ሻርፕ።

እኔም ሱሰኛ ነኝ፣ አልክድም። ከምሳ በኋላ ጫቴን ካልያዝኩ ጥላዬ ራሱ ያስጠላኛል። ግን የኔ ሱስ ሰው ይሰበስባል፤ አምስት ሆነን እንቀመጥና መንግሥት ስናቋቁም እንውላለን። የሱ አረቄ በር ይዘጋል። ይሄን ሳይ ሱስ ከሱስ እንደሚለይ ገባኝ፤ ሚስቴ ግን ይህ የጫት ሰው ፍልስፍና ነው ትላለች።

ያላደረግነው የለም። የዕድር ሰዎች ሽማግሌ ልከው መከሩት፤ አዎ አዎ ብሎ ሸኛቸውና በሩን ቆለፈ። እኔ የተጠበሰ አሳ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር በሳህን ይዤ ሄድኩ፤ አሳውን በመስኮት ተቀብሎ፣ ሳህኑን በመስኮት መለሰልኝ። ዳጣው አነሰ ብሎ ወቀሰኝ ደግሞ።

የከፋው የልጁ ነገር ነበር። አንዲት ልጅ አለችው፤ ጫኖ በምትባል መንደር ሙዝ የሚያለማ ሰው አግብታ እዚያው ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። አባትየው ግን አልሄደም። ሱቄ ድረስ መጥታ፣ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ሐጂዬ፣ እኔ አትምጣ አላልኩትም። ሰክረህም ና ብዬዋለሁ። ለልጅ ልጄ ጋቢ ሳልይዝ አልመጣም አለኝ። የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ጋቢ ያለበሰ ሰው ለራሴ ደም ሻርፕ ይዤ ልሂድ ወይ አለ።»

«ታዲያ ጋቢውን ለምን አይሠራም?»

«ማን ይያዝለት?» አለችኝ። «እኔ ልያዝልህ አልኩት። የእናትሽ ቦታ ላይ አትቀመጪም አለ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ለኔ ግልጽ ሆነ። አረቄውን ማስጣል የኔ ሥራ አይደለም፤ አልችልምም። አንድ ረጅም ድር ደጅ ላይ እንዲዘረጋ ማድረግ ግን ክር ሻጭ የሚያገባው ነገር ነው። እንዴት እንደማደርገው ነው ያላወቅኩት።

ፊልሙ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አንዲት ላይኛው ሰፈር ሴቻ ተወልዳ ያደገች፣ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች ልጅ ሱቄ ገባች። ከኋላዋ ሻንጣ የተሸከሙ ሦስት ጎረምሶች አሉ። ክር የሚገዙ አይመስሉም ነበር።

«ጋሼ፣ ፊልም እየሠራን ነው። ተዋናያችንን ሽመና የሚያስተምር ሸማኔ እንፈልጋለን። እርስዎ ሁሉንም ያውቃሉ አሉኝ።»

«ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ሱስ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ሰው ለሰው መገናኘት።»

«ሦስቱንም በአንዴ? በጅምላ ነው እንዴ የምትሠሩት?»

ሳቀች። ከዚያ ታሪኩን ነገረችኝ፦ አንድ ሸማኔ ይጠጣል፣ ቤቱን ዘግቶ ይኖራል፣ መጨረሻ ላይ በሩን ይከፍታል። እየሰማኋት እጄ ላይ የምጠቀልለው ክር ቆመ። ልጅቷ ጓደኛዬን አታውቀውም፤ ከልቧ ፈጥራ ነው የጻፈችው። ሀገር ምድሩ ስንት የተዘጋ በር እንዳለው ያኔ ነው ያሰብኩት።

ብልጥ ነኝ የሚል ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ወደ ጓደኛዬ ሄጄ በመስኮቱ፣ «ስለ ሽመና ፊልም የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ አስተምራቸው» አልኩት። ስለ ሽመና። ስለ አረቄው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለሷም የሱን ነገር አልነገርኳትም። ሁለቱን ሳያውቁ ካገናኘሁ በሩ ራሱ ይከፈታል ብዬ አስልቼ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ስሌቴ ሠራ። ልጆቹ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ሦስት ሰዓት ላይ የሚመጣ እንግዳ ያለው ሰው ሁለት ሰዓት ላይ አይጠጣም። የመብራት ገመዳቸው በበሩ ይገባል፤ በገመዱ ምክንያት በሩ መዘጋት ተወ። በሩ ሲከፈት ጎረቤት ገባ፤ ጎረቤት ሲገባ ወሬ ገባ። ጓደኛዬ ጢሙን ተላጨ። ተዋናዩ መልከ መልካም፣ እጁ እንደ ሙዝ ልጣጭ የለሰለሰ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሲያስገባ ተንሸራቶ እስከ ብብቱ ገባ።

«ቀስ በል፣» አለው ጓደኛዬ። «ሸማኔ ሁን አልኩህ እንጂ ተቀበር አላልኩህም።»

ስድስት ቀን እንዲህ ሄደ። እኔ ሱቄን ለሚስቴ እየተውኩ እየሄድኩ አያለሁ። ሚስቴ፣ «ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ የፊልም ሱስ ያዘህ» ትለኛለች።

በሰባተኛው ቀን የስካሩ ክፍል ተቀረጸ። አላሰብኩትም ነበር፤ ወይም ሳስበው ቶሎ ረስቼዋለሁ። ተዋናዩ ጠርሙስ ይዞ እየተንገዳገደ ገባ፤ ጮኸ፤ ግድግዳውን በቡጢ መታ፤ መወርወሪያውን አሽቀነጠረው። ጎረቤት በመስኮት እያየ ነው። ጓደኛዬ ጥግ ላይ፣ ከኔ አጠገብ ቆሟል። መወርወሪያው መሬት ላይ ሲወድቅ ብቻ ትንሽ ፈገግ ያለ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም።

«ይሄ ማነው?» አለ።

 ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እሱም እኔን አየኝ።

«ስለ ሽመና ነው ያልከኝ ሐጂ።»

 ሁላችንንም በትህትና፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው፣ አንድ በአንድ አስወጣንና በሩን ዘጋ። ካሜራቸው፣ መብራታቸው፣ የተዋናዩ ጫማ ሳይቀር ውስጥ ቀረ። ተዋናዩ በካልሲ ነው ወደ ሆቴሉ የሄደው።

ሦስት ቀን አልከፈተም። ልጅቷ ሱቄ መጥታ የክር ጥቅል ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሱም እንደዚያ እንደሆነ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ ጋሼ፣ እጠይቀው ነበር። ቤቱ ውስጥ ገብቼ ቁስሉን ለሰፈር አሳየሁበት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። ነጋዴ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አይጠቀምበትም፤ አፌ ውስጥ አዲስ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሄጄ በሩ ሥር፣ ድሮ ካስማው ይተከልበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። አላንኳኳሁም። መኖሬን ሳሌ ይነግረዋል።

«ዋሽቼሃለሁ» አልኩት በበሩ በኩል። «ልጅህ ሱቄ መጥታ ነበር። ጋቢ የለኝም ብሎ ልጄን ሊያይ አልመጣም አለችኝ። ሌላ መንገድ ጠፋኝና ዋሸሁህ።»

ከበሩ ወዲያ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ ድምፁ መጣ። እሱም መሬት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

«ሰካራም እንደዚያ አይጮህም» አለ።

«አይጮህም?»

«ለማን ብሎ ይጮሃል? ሰው ሲኖር ነው የሚጮኸው። ብቻውን ያለ ሰው ዝም ነው የሚለው። እጁም ሥራ ላይ አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው በር ሲንኳኳ ነው።»

 እሱ ግን አልጨረሰም ነበር፤ አሁን ድምፁ ተለወጠ፤ ክሬን ሲሰድብ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ደግሞ ሌላም አለ። ያ ሰውዬ ዓመት ሙሉ ቤት ዘግቶ የሚጠጣ ሰው ነው አይደል?»

«አዎ፣ ፊልሙ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚሠራው? ጋቢ! ልጆቹ ገዝተው ያመጡት ሙሉ የጋቢ ድር ነው የተወጠረው! ብቻውን ነው ካሉ ማን ጫፉን ያዘለት? ማን ዘረጋለት? ይሄን የጋሞ ሰው ሲያይ ይስቃል እኮ! ለሽመናው ስሜን ይጠሩብኛል፣ እሱ አስተማራቸው ይላሉ!»

ሃያ ዓመት ስሸጥ ኖሬ፣ ደንበኛ ሳያውቀው እጁን ወደ ኪሱ የሚልክበትን ቅጽበት አውቃታለሁ። ያቺ ነበረች።

«ወይ ጉድ፣» አልኩ። «ሻርፕ መሆን ነበረበት ማለት ነው?»

«ሻርፕ ነው እንጂ! ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቶ!»

«ለኔ መንገርህ ምን ያደርግልኛል ታዲያ? ውጣና ለልጅቷ ንገራት። እኔ ብነግራት ክር ሻጭ ምን ያውቃል ትለኛለች።»

«እውነቷን ነው» አለና መቆለፊያው ተንቋቋ።

አረቄ ሸቶኛል፤ አልሸተተኝም ብዬ አልዋሽም። ግን ሸሚዙን ቆልፎ ነበር።

ልጅቷን ጠራናት። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር እጁን አነሳና፣ «እሱን ተዪው ልጄ፣ ሽመናው ነው የተበላሸው» አላት። ያቺ ልጅ ደግሞ የዋዛ አይደለችም። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ደብተሯን አላወጣችም፤ ዝም ብላ ሰማችው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሚስማሮች አሳያት። ከዚያም፣ ሳትጠይቀው፣ የወዲያኛውን ጫፍ ማን ይይዝ እንደነበር ነገራት። እኔ ያን ጊዜ ወጥቼ የጎረቤት ሙዝ ተክል ሳደንቅ ቆየሁ።

ጩኸቱንና ጠርሙሱን ጣለችው። ሸማኔው ዝም ብሎ ሻርፕ የሚሠራ ሆነ። መጨረሻው ላይም በሩን ከፍቶ ይወጣል የሚለው አልበቃትም፤ ደጁ ላይ ካስማ ተክሎ ረጅም ድር ሲዘረጋ ይሁን አለች። ተዋናዩ ሞከረ፤ በሁለተኛው ምልልስ ክሩን እንደ አሳ መረብ አደረገው። ስለዚህ ከሩቅ ተዋናዩን፣ ከቅርብ የጓደኛዬን እጅ ለመቅረጽ ተስማሙ።

«ወዲያኛው ጫፍ ላይ ማን ይቀመጥ?» አለች ልጅቷ።

ጎረቤቶች ተያዩ። ሁለት ሴቶች ያውቁበታል፤ ግን የማን ቦታ እንደሆነ ስለሚያውቁ አልተነሱም። ጓደኛዬ ካስማውን በድንጋይ እየመታ፣ ቀና ሳይል፣ «ሐጂ ይቀመጥ» አለ። «የዋሸ ይቀጣ።»

ክር ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ጫፍ ይዤ አላውቅም ነበር። ቀላል ይመስላል። አይደለም። ክሩ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ስትተወው ይላላል፣ ስትይዘው ይነክሳል።

«አትጎትት!» ይለኛል እየተመላለሰ። «የደንበኛ እጅ መሰለህ እንዴ?»

«ላላ ስል ላላህ ትለኛለህ፣ ሳጠብቅ ጎተትክ ትለኛለህ!»

«መሃሉን ያዝ! መሃል የሚባል ነገር አታውቅም? በሽያጭ የለመድከው እኮ ነው ችግርህ!»

ጎረቤት ይስቃል። ከጎረምሶቹ አንዱ በሳቅ ካሜራውን ሲያናውጥ ልጅቷ ገሠጸችው። ከአምስት ስድስት ምልልስ በኋላ፣ «በቃ፣ አሪፍ ነው፣ አገኘነው» አለች። ተዋናዩ ለፊልሙ የለበሰውን ጋቢ አወለቀ፤ መብራቱ ጠፋ። ጓደኛዬ ግን አልቆመም። ክሩን ይዞ ወደኔ ይመጣል፣ ካስማዬን ይዞራል፣ ይመለሳል።

«አባባ፣ ጨርሰናል» አለችው።

«እናንተ ጨርሳችሁ ይሆናል» አላት። «ጋቢው ገና ነው።»

ልጅቷ ለጎረምሶቹ በእጇ ዝም በሉ አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እሱ ተመላለሰ፤ እኔ ያዝኩ። መጀመሪያ ላይ ይሰድበኝ ነበር፤ በኋላ ዝም አለ። ዝምታው ሲከብደኝ ወሬ ጀመርኩ፤ ማን ሱቅ ከፈተ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ገረሴ መንገድ ላይ የማን መኪና ተበላሸ። እሱ ይመላለሳል፤ እኔ አወራለሁ። ምን እያደረግኩ እንደነበር የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው። እሱ ገብቶት ነበር መሰለኝ፤ አንድ ጊዜ ካስማዬ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ «የሷ ወሬ ከዚህ ይሻል ነበር» አለኝ። «ግን ቀጥል።»

ፊልሙ ወራት ቆይቶ በከተማው አዳራሽ ታየ። ርዕስ ነበረው፤ ሰፈራችን ግን የሐጂ እጅ ያለበት ፊልም ነው የሚለው። የተዋናዩ ፊት ላይ ማንም አላለቀሰም፤ ድሩ ሲዘረጋ ግን ከፊቴ የተቀመጡ እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ጓደኛዬ አልመጣም። «ምኑን ነው የማየው?» አለ። «የራሴን እጅ አውቀዋለሁ፤ ያንተን ደግሞ አይቼ ጠግቤያለሁ።»

ጋቢው ያለቀው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ በመሃል አራት ቀን በሩ ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ደጁ ላይ ሄጄ እቀመጥና ያገኘሁትን ወሬ ሁሉ አወራለታለሁ፤ ሲሰለቸው ይከፍታል። አረቄውን ተወ ብዬ አልጽፍም፤ ያነበበ ቢነግረው ይስቅብኛል። የሚጠጣበት ቀን ከማይጠጣበት ያንሳል፤ እሱን መናገር እችላለሁ።

ጫኖ የሄድነው እሑድ ጠዋት በባጃጅ ነው። ጋቢውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎታል። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንገዱ ነው እንዳልል መንገዱ አስፋልት ነው። የሙዝ ማሳው ጋ ስንደርስ ባጃጁን አስቆመና ወርዶ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ምንም። ታንኳኳለህ ወይስ እኔ ላንኳኳ?»

«የሚንኳኳ በር የለም፣ ክፍት ነው፤ እየው።»

ልጁ ከውስጥ አይታን ሕፃኑን እንደታቀፈች ሮጣ ወጣች።  ጋዜጣውን ቀደደችና ጋቢውን ዘረጋችው። የሸማኔ ልጅ ናት፤ እያለቀሰች እንኳ ጠርዙን በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ትፈትሸው ነበር። መሃል ላይ ደርሳ ቆመች። ከክሩ መሃል ላላ ብሎ እንደ ምላስ ወጣ ያለ ቦታ አለ።

«አባዬ፣ ይሄን ቦታ ማን ነው የያዘልህ?»

ጓደኛዬ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

ጣቷን ከላላው ቦታ ሳታነሳ አየችኝ፤ ከዚያ ሕፃኑን በጋቢው ጠቀለለችውና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ይሄንንም ይያዙት ሐጂዬ» አለች። «እንዳይላላ።»

«ኧረ ለኔ ስጪኝ!» አለ ጓደኛዬ። «እሱ መያዝ አይችልም አልኩሽ እኮ!» ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ፤ ሕፃኑን ሲቀበለኝ አየሁት፤ የእጁ መንቀጥቀጥ ቆሞ ነበር።